ደክሟታል ያልኩበት ዳገት

ኦክላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አሥር ዓመት አለፈኝ። ከዚህ ገጠመኝ በፊት ታማሚዎች ቀጠሮ ሲይዙ በስሜ ይጠይቁኝ ነበር። «ብርሃኑ ካለ ሐኪሙም ደግ ይሆናል» ይባባላሉ አሉ። ሐኪሙ ደግ ሆኖ አይደለም። እኔ ነኝ መሃል ተቀምጬ ነገሩን የማጣፍጠው። ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልሠራም፤ ሌላ የቀረን ነገር የለም» ሲል እኔ «መድኃኒቱ ትንሽ ዘገየ፤ ሌላም እያዩ ነው» እላለሁ። ታማሚው ፈገግ ይላል፣ ሚስቱ ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ ትመርቀኛለች፣ እኔም በራሴ ተደስቼ ምሳዬን እበላለሁ። ሥራውን ስጀምር የፈረምኩት ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ላስተላልፍ ነበር። ያ ደንብ ለፈረንጅ የወጣ ነው ብዬ ተውኩት። እኛ ክፉ ወሬ እንዲህ በግላጭ አንናገርም፣ ባህላችን አይደለም፣ ጨዋነት የሚባል ነገር አለን እያልኩ እኮራ ነበር። ያንን ኩሩ ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው አይመስለኝም።

አሁን ጋሼ ሽፈራውን ላስተዋውቃችሁ። አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ መሐንዲስ ነበሩ። ሴት ልጃቸው በዲቪ መጥታ እሳቸውን ካስመጣቻቸው ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሳን ሆዜ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ነው። ራስ ዳሸንን ሦስት ጊዜ ወጥተዋል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ቤይ ኤሪያ በምንለው አካባቢያችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ራሳቸው ፈልገው ይነግሩታል። «ኢንጂነር» ብሎ ያልጠራቸውን ሰው ሰላም የሚሉት በግማሽ አፋቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኦክላንድ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ የሚራመድ ቡድን ነበረን፤ መሪው እሳቸው ነበሩ። መራመድ ስል አትመኑኝ። አንድ ሰዓት እንራመዳለን፣ ሁለት ሰዓት መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ስለ ዳሸን እንሰማለን።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ኮረብታው ለጋሼ አነሰባቸው። «እውነተኛ ተራራ እንውጣ፤ በረዶ ያለበት» አሉ። በረዶ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ እኔ የእህቴን የጸዳለን ልጅ ሔዋንን አቀረብኩ። ሔዋን ከኦክላንድ አጠገብ አልባኒ ተወልዳ ያደገች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ፊዚካል ቴራፒ ትማራለች። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ስኪዋን መኪናዋ ላይ አስራ ወደ ሰሜን ትነዳለች። ሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደሚወጣበት የመዝናኛ ቦታ አይደለም የምትሄደው፤ ስኪዋን እንዳጠለቀች በእግሯ ተራራውን ትወጣና ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ትወርዳለች። ስለ በረዶ ናዳ ኮርስ ወስዳለች። አማርኛ ሲናገሯት ሁሉንም ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው አትሰማም ብሎ ፊቷ ያወራል።

ስምንት ሰው ተመዘገበ። መሄጃው ዐርብ ሲደርስ የስልክ ግሩፓችን ላይ ምክንያት ይዘንብ ጀመር። የአንዷን ልጅ ሳል ያዘው፣ የአንዱ ጉልበት ተነሳበት፣ የሌላው አክስት ሳይታሰብ ከዲሲ መጡ። ሁሉም «ፎቶ ላኩልን» ብለው ቀሩ። የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው፤ ጋሼ፣ ሔዋንና እኔ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሻስታ ተራራ በስተ ምዕራብ መንገዱ በረዶ ውስጥ ገብቶ በሚያልቅበት ቦታ ቆመን ነበር። ጋሼና እኔ ከጫማችን ስር ሰፋፊ የበረዶ መርገጫ አሰርን። ሔዋን ለእያንዳንዳችን አካፋና ተጣጥፎ የሚቀመጥ ረጅም ዘንግ ሰጠችን። ቀጥላ ደረት ላይ የሚታሰር፣ ቢከን የሚባል መሣሪያ አወጣች።

«ይህ ሁልጊዜ ምልክት ይልካል» አለች በእንግሊዝኛ። «አንድ ሰው በረዶ ከዋጠው የቀረነው ሁላችንም ወደ ፍለጋ እንቀይረዋለን። ሁላችንም። አንድ ሰው ከረሳ፣ የሌሎቹ መሣሪያ የሚወስዳቸው ወደ ተቀበረው ሳይሆን ወደ እሱ ነው።»

ተረጎምኩ፤ ማለት የመጀመሪያውን ግማሽ ተረጎምኩ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ስልኬን እያየሁ ነበር።

ከዚያ እየዞረች ፈተሸችን። የጋሼ መሣሪያ ጠፍቶ አገኘችው። ይቅርታ ብላ የጃኬታቸውን ዚፕ ከፈተችና ራሷ አበራችው። የጋሼ ፊት ጠቆረ።

«የልጅ ልጄ የምታክል ልጅ ደረቴን ትፈትሸኝ?» አሉኝ። «ዳሸንን ስወጣ ማን ፈተሸኝ?»

ወደ ሔዋን ዞሬ «አመሰግናለሁ እያሉሽ ነው» አልኳት።

«አንክል፣ እሱ አይደለም ያሉት» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እንዴት እንደሚያስጠላ ልነግራችሁ አልችልም።

ሦስት ሰዓት ያህል በጥድ መሃል ወጣን። እውነቱን ለመናገር አገሩ ውብ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋስ የለም፣ ከእርምጃችን በቀር የሚሰማው የጋሼ ድምፅ ብቻ ነው። በየዕረፍቱ ዳሸን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ይሄድ ነበር። እኔ ደግሞ እያለከለክሁ «እውነት ነው ጋሼ»፣ «ይገርማል ጋሼ» እላለሁ። ሔዋን ከፊት ሆና መንገድ ትከፍታለች፤ አንዳንዴ ቆማ ነፋስ ያከማቸውን በረዶ በዱላዋ እየወጋች ታያለች። ጋሼ ይህም አልጣማቸውም።

ዛፉ የሚያልቅበት ጋ ስንደርስ ከእግራችን ስር አንድ ጊዜ ድም አለ። ወፍራም፣ የታፈነ ድምፅ ነው፤ በረዶው በአንድ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

«እየረጋ ነው» አሉ ጋሼ።

ሔዋን ወዲያው ስኪዋን አወለቀች፣ አካፋዋን አወጣች፣ እስከ ወገቧ የሚደርስ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች። የበረዶውን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች ንብርብሩን ትመረምራለች።

«ምን ልትቀብር ነው?» አሉ ጋሼ፤ እኔም ሳቅሁላቸው። ከፊታችን አንድም ዛፍ የሌለበት ለስላሳ ዳገት ነበር፤ ከዳገቱ ማዶ ሁሉን የሚያሳይ ጫፍ። ጋሼ ጫፉን አዩት። «እስክትጨርስ እኔ እየቀደምኩ ነው» ብለው ሄዱ። እኔ አካፋዬን ተደግፌ ቀረሁ።

ጥቂት ቆይታ ሔዋን ቀና አለች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

«አንክል፣ ስማኝ። ቶሎ ሄደህ አቁማቸው። እኔ ስኪዬን እስካደርግ ይርቃሉ፤ በአማርኛ ደግሞ አልችልም። እኔ የምለውን ቃል በቃል ንገራቸው። ያንተን አይደለም፤ የእኔን። እንዲህ በላቸው፦ ያ ዳገት ይናዳል። ከረገጡት ሊሞቱ ይችላሉ። አሁኑኑ እንመለሳለን።»

ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። እኔ የዘጠኝ ዓመት አስተርጓሚ ነኝ፤ የኩላሊትና የጉበት ስም በሁለት ቋንቋ አሳምሬ አውቃለሁ። ከጋሼ የሚለየኝ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። በአርባው እርምጃ ውስጥ የተሰጠኝን መልእክት አንድ በአንድ እየጣልኩ ሄድኩ። መጀመሪያ «ሊሞቱ ይችላሉ» የሚለውን ጣልኩ፤ ትልቅ ሰውን እንዴት እንዲህ ይባላል። ቀጥሎ «አሁኑኑ» የሚለውን፤ ትእዛዝ ይመስላል። «ይናዳል» ቀረ። እሱን ደግሞ ለቀያሽ መሐንዲስ ስለ ዳገት ማስተማር ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጠዋት በልጅ ተፈትሸው የጠቆረው ፊታቸው ትዝ አለኝ፤ ሁለተኛ ላስቀይማቸው አልፈለግሁም። ስደርስ እጄ ባዶ ነበር።

«ጋሼ» አልኩ እየተሽኮረመምኩ፤ «ልጅቷ ትንሽ ደክሟታል መሰለኝ። እዚህ ላይ ብንመለስስ?»

ጋሼ ዞረው አዩኝ። ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ። ጠዋት ደረታቸውን የፈተሸች ልጅ ደከማት።

«ትረፍ እንጂ» አሉ። «ምን ችግር አለው? እኔ እዚያች ጫፍ ደርሼ ፎቶ ላንሳና እመለሳለሁ። አንተም ከፈለግህ እዚሁ ጠብቀኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

እሺ ጋሼ። ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገኘውን ደቂቃ እኔ በእሺ ጋሼ ጨረስኩት። ዳገቱ ላይ ወጡ። አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ። በኋላዬ የስኪ ድምፅ ሰማሁ፤ ሔዋን በአጠገቤ እየገፋች አለፈች።

«ነግረኻቸዋል?» አለችኝ ሳትቆም። ዓይኔን ወደ ጋሼ አዞርኩ። እሷም መልስ አልጠበቀችም። ዳገቱ ጠርዝ ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ «ጋሼ፣ ና፣ ና» አለች። ጋሼ እጃቸውን አወዛወዙላት። ሰላም ያለቻቸው መስሏቸው ነው።

የተማረችው አንድ ሰው ባለበት ዳገት ላይ ሁለተኛ ሰው እንዳይገባ ነው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ግን ስልሳ ያለፋቸው ሰውዬ አደጋ ላይ ቆመው እጅ ሲያወዛውዙላት ማየቱን አልቻለችም። ስድስት ሰባት እርምጃ ገባች።

መጀመሪያ ከጋሼ በላይ አንዲት ቀጭን መስመር በረዶውን ስትሰነጥቀው አየሁ። መስመሯ ዳር እስከ ዳር ሮጠች። ቀጥሎ ዳገቱ ሁሉ ተነቅሎ ሄደ። ጋሼ ማዶው ጠርዝ አጠገብ ስለነበሩ በጀርባቸው ወድቀው ጥቂት ተንሸራተው ቀሩ። ሔዋንን የወሰዳት ዋናው ነው። አንድ ጊዜ ቀይ ጃኬቷን አየሁት፤ ከዚያ ነጭ ብቻ ሆነ።

ጸጥ ሲል ዳገቱ ወገብ ድረስ ተንከባልዬ ወረድኩ። ደረቴ ላይ ያለውን መሣሪያ ወደ ፍለጋ ቀየርኩት። ቁጥር አሳየኝ፤ ሠላሳ ሁለት። ቁጥሩ ሲቀንስ ቀርበሃል ማለት ነው። ሮጥኩ። ሃያ አራት። አሥራ ሰባት። ዘጠኝ። አራት። ቀና ስል ጋሼ ሽፈራው በረዶ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

ለሔዋን እየሮጥኩ መስሎኝ ወደ እሳቸው ነበር የሄድኩት። የእሳቸው መሣሪያ አሁንም ምልክት ይልካል። ስልኬን እያየሁ ያለፍኩት ሁለተኛው ግማሽ ይኸው ነበር።

«ያጥፉት» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ደረትዎ ላይ ያለውን። ያጥፉት። ልጅቷ ትሞታለች።»

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ምድርም አልተሰነጠቀችም፤ ጋሼም አልተቀየሙም። ዚፓቸውን ከፍተው ሲታገሉ እጃቸው እምቢ አለ፤ ነጥቄ አጠፋሁት። ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። ቁጥሩ ወደ አርባ ዘለለ። ወደ ታች ሮጥኩ። ሠላሳ። አሥራ ሁለት። አምስት። ሁለት። ዘንጉን ዘርግቼ ወጋሁ፤ ባዶ። ወጋሁ፤ ባዶ። አምስተኛው ላይ ዘንጉ ለስላሳ ነገር ነካ።

ከላይ መቆፈር ጀመርኩ። ጋሼ እያለከለኩ ደረሱና አካፋዬን ያዙት። «ከላይ አይደለም፤ ከታች በኩል ከጎን ግባ፤ አፈሩ ይመለስብሃል» አሉ። አፈር ነው ያሉት። ልክ ነበሩ። እሳቸው ከፊት ሆነው ቆፈሩ፣ እኔ ከኋላ ጠረግሁ። ይህንንም አልክድባቸውም፤ እሳቸው ያን ቀን እንደቆፈሩት የሚቆፍር ወጣት የለም። አንድ ሜትር ያህል ገብተን የራስ ቁሯን አገኘን። ፊቷ ላይ ያለውን በረዶ በጣቴ አወጣሁት። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ደጋግሜ ጠራኋት። ጋሼ «በስመ አብ» እያሉ ጉንጯን በመዳፋቸው አሻሹት። ከዚያ አንድ ጊዜ ሳለችና ተነፈሰች።

የቀኝ ጭኗ ተሰብሮ ነበር። ቦርሳዋ ላይ የታሰረውን የሳተላይት መሣሪያ አሳየችኝ፤ የአደጋውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ጃኬቴን አለበስኳት፤ ጋሼ እግሯን አቅፈው በሰውነታቸው ያሞቋት ነበር። በመሃል ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«አንክል፣ ያልኩህን ነግረኻቸዋል?»

«ቃል በቃል» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ካልኳቸው ውሸቶች ሁሉ ያ የባሰው ነው። ዳገቱ ላይ የዋሸሁ እንደሆነ ፈርቼ ነው፤ እዚህ ግን የተሰበረ እግሯን እያየሁ ነው የዋሸኋት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ጋሼ ሽፈራው ዳሸንን ትተው በረዶውን ያወሩ ጀመር። ሳን ሊያንድሮ አንድ ክርስትና ላይ «በዚህ እጄ ቆፍሬ አወጣኋት» ሲሉ ሰማሁ፤ ሰውም «ኢንጂነር አይደሉ እንዴ!» ብሎ አጨበጨበላቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ናቅኋቸው። መናቅ ደስ ይላል፤ ሌላውን ስትንቅ ራስህን አታይም። ግትር ሽማግሌ፣ በራሱ የሰከረ፣ ልጅ የማይሰማ እያልኩ በልቤ እሰድባቸው ነበር። ነገሩ ሁሉ የእሳቸው ጥፋት ሆኖ ተስተካክሎ ተቀምጦልኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሊጠይቋት አልባኒ መጡ። ብርቱካንና ጁስ ይዘዋል፤ ከረባት አስረዋል። እህቴ ጸዳለ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። «ሰርጀሪው ሰክሰስፉል ነው ብለውናል ጋሼ፤ ግን እንደገና እስክትራመድ ስድስት ወር ሪሃብ አለባት፤ ትምህርቱንም ድሮፕ አድርጋለች» አለቻቸው። ሔዋን እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ ፈገግ አለችላቸው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ግትር ነኝ፤ አልክድም» አሉ። «ግን ሠላሳ ዓመት መንገድ ቀይሻለሁ። ይህ ቦታ ይናዳል ያለኝን ሰምቼ፣ ገበሬም ቢሆን እረኛም ቢሆን፣ የነደፍኩትን መንገድ ስንት ጊዜ አዙሬያለሁ። ያን ቀን ግን ማንም አልነገረኝም። ደክሟታል ነው የተባልኩት። ባውቅ ኖሮ ይቺን እግር አላሰብርም ነበር። ሌት ተቀን የሚበላኝ ይህ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ብርሃኑ፣ እስቲ ተርጉምላት።»

ጋሼ እንደማትሰማ ነው የሚያስቡት። ሔዋን ግን ገና «ደክሟታል» ሲሉ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። እህቴም ታየኛለች። አፌ ላይ የመጣውን ልንገራችሁ? «ጋሼ ቶሎ ተሻይ እያሉሽ ነው» የሚለው ነበር የመጣው። ምላሴ ለምዶታል፣ ራሱ ይሄዳል።

ያዝኩት። እኛ አስተርጓሚዎች የሰውዬውን ንግግር በራሱ አፍ ነው የምንናገረው፤ «እሱ እንዲህ አለ» አንልም። «እኔ ግትር ነኝ፤ አልክድም» ብዬ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። ገበሬውን አልኩ፣ እረኛውን አልኩ። «ማንም አልነገረኝም። ደክሟታል ነው የተባልኩት» አልኩ። እስከ መጨረሻው ቃል አንዲት ነገር አልጨመርኩም፣ አንዲት ነገር አልቀነስኩም። በዘጠኝ ዓመት የሠራሁት የመጀመሪያው ንጹሕ ሥራ ይመስለኛል።

ሔዋን እኔን ትታ ወደ ጋሼ ዞራ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በአማርኛ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኔ አልደከመኝም ነበር።»

ጋሼ የጁሱን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ታዲያ ምን ነበር ያለችው?» አሉኝ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው፤ ይናዳል፣ ሊሞቱ ይችላሉ፣ አሁኑኑ እንመለሳለን። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ደረሳቸው።

ከረባታቸውን ፈቱ። «እመለስ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ከዚያ ሌላ አልተናገሩኝም። እህቴ ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም።

ይመለሱ ነበር ወይ? አላውቅም። ግትርነታቸውን ሳስብ አይመለሱም እላለሁ፤ ያዞሯቸውን መንገዶች ሳስብ ይመለሱ ነበር እላለሁ። ማወቂያው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ ዘጋሁት። የምንቃቸው ሰውዬ ያን ቀን ለመመለስ ዕድል እንኳ አላገኙም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየቤታችሁ እንደ እኔ ያለ ጨዋ ሰው አይጠፋም። ለአባቱ የላብራቶሪውን ውጤት የሚያጣፍጥ፣ ለአለቃው «ሁሉም ደህና ነው» የሚል፣ ሁለት ሰዎች መሃል ቆሞ ሁለቱንም የሚያስደስት። እንዲህ ያለውን ሰው እንወደዋለን፣ እናመሰግነዋለን፣ ለልጆቻችን ምሳሌ እናደርገዋለን። እኔ እሱን ሆኜ አይቼዋለሁ። ደግነት አልነበረም። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አለመፈለግ ነበር፤ የራሴን ምቾት ነበር የምጠብቀው።

ሆስፒታል ውስጥ ዛሬ በስሜ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ባለፈው ወር አንዲት እናት ሐኪማቸው ያለውን እንዳለ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አዩኝና «እስከ ዛሬም እንዲህ ይለኝ ነበር?» አሉኝ። ከአደጋው በፊትም አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። «አዎ፣ ይልዎት ነበር» አልኩ። ልጃቸው ኮሪደር ላይ አላመሰገነኝም።

ሔዋን ትንሽ ታነክሳለች፤ ዘንድሮ ስኪዋን ይዛ ወደ ሰሜን መንዳት ጀምራለች። ጋሼ ሽፈራው አሁን ከእሷ ጋር በእኔ በኩል ሳይሆን በራሳቸው ስብርባሪ እንግሊዝኛ ያወራሉ። እኔን ሔዋን አንዳንዴ ለእናቷ መልእክት ትልከኛለች። ከመሄዴ በፊት ግን ታስቆመኝና «ምን ብዬሃለሁ?» ትለኛለች። እንደ ተማሪ ቆሜ ቃል በቃል እደግምላታለሁ።